የቄስ ቅጥር ማስታወቂያ እየጻፍን ነው፦ የምንፈልገው እረኛ ነው ወይስ ሥራ አስኪያጅ?

የሽማግሌዎች ጸሐፊ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ባለች አንዲት የመካነ ኢየሱስ (ሉተራዊት ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን) ማኅበረ ምዕመናን በሽማግሌነት አገለግላለሁ። ቄሳችን በጡረታ ስለ ተሰናበቱ ምትክ እየፈለግን ነው። ማስታወቂያውን የማርቀቁ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ የሆነ አንድ ወንድም አገዘኝና እንዲህ ጻፍን፦ «በስትራቴጂክ ዕቅድ ዝግጅትና ክትትል ልምድ ያለው፤ ሀብት የማሰባሰብ ችሎታ ያለው፤ ቡድን በመምራትና ለውጥ በማምጣት የተመሰከረለት፤ ኮምፒውተር የሚችል፤ ባለ ራእይ»። ወደ ታች፣ «ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎችን ያከናውናል» ከሚለው በላይ፣ «እንደ አስፈላጊነቱ ሕሙማንን ይጎበኛል» የምትል መስመር አለች።

ረቂቁ በስብሰባ ላይ ሲነበብ ያለ ክርክር ሊያልፍ ጥቂት ቀርቶት ነበር። አንዲት እናት እጃቸውን አወጡና «አስፈላጊነቱን የሚወስነው ማን ነው? ታማሚው ነው ወይስ ቄሱ?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ ወዲያ ስብሰባው እስኪመሽ አላበቃም። አንዱ ወገን «ይህን ሁሉ ምእመን በመልካም ጠባይ ብቻ መምራት አይቻልም፤ ዘመናዊ አመራር ያስፈልገናል» ይላል። ሌላው «ሥራ አስኪያጅ ከፈለጋችሁ ሥራ አስኪያጅ ቅጠሩ፤ ቄስ እረኛ ነው» ይላል። እኔ ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው ባይ ነኝ፤ ማስታወቂያ ግን እንዲህ ተብሎ አይጻፍም። በተለይ በአገልግሎት ላይ ያላችሁ ሐሳባችሁን ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

ጡረተኛ ቄስ

ወንድሜ፣ የእናቲቱ ጥያቄ ለሴሚናሪ ፈተና የሚበቃ ነው።

የእኛ የሉተራውያን መሠረታዊ ሰነድ የሆነው፣ በ1530 እ.ኤ.አ. የቀረበው የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ ስለ ቃሉ አገልግሎት ሲናገር ብዙ አያወራም። አንቀጽ 5 ሰዎች ወደ እምነት እንዲደርሱ እግዚአብሔር ወንጌልን የማስተማርንና ምስጢራትን (ጥምቀትንና የጌታን እራት) የማደልን አገልግሎት እንዳቋቋመ ይናገራል። አንቀጽ 14 በአግባቡ ያልተጠራ ሰው በአደባባይ እንዳያስተምርና ምስጢራትን እንዳያድል ይከለክላል። ረዘም የሚለው አንቀጽ 28 ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን ጳጳሱ ርስትና ጭፍራ ያለው መስፍን ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሥልጣን ወንጌልን መስበክ፣ ኃጢአትን ይቅር ማለትና መያዝ፣ ምስጢራትን ማደል መሆኑን ይገልጽና ይህም የሚፈጸመው በሰው ኃይል ሳይሆን በቃሉ ነው ይላል። የእናንተን ረቂቅ ከዚህ አጠገብ አስቀምጡት። ስለ ስብከት፣ ስለ ጥምቀት፣ ስለ ጌታ እራት አንዲት መስመር የለበትም።

ለአልጋ ቁራኞች የጌታን እራት የምወስድባት ትንሽ የቆዳ ቦርሳ ነበረችኝ። አነስተኛ ጽዋ፣ የወይን ጠርሙስ፣ ኅብስቱ የሚቀመጥባት ክብ ቆርቆሮና የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ይዛለች። አንድ በዕድሜ የገፋ የባቡር ሠራተኛ ቤት እሄድ ነበር። ራሱ በኋላ በጉባኤ ፊት ስለ መሰከረው ብናገረው ነውር የለበትም፦ ጨርቁን በአልጋው ጫፍ ላይ እያነጠፍሁ ሳለ «ቄስ፣ ቆይ» አለኝ። ከወንድሙ ጋር በርስት ተጣልተው ለዓመታት አልተነጋገሩም ነበር። ቦርሳዬን ዘጋሁ፤ ወንድሙን ፍለጋ ሄድሁ። በሌላው ሳምንት ሁለቱም አብረው ከአንዱ ጽዋ ተቀበሉ። ያን ሰሞን ስለ ይቅርታ ስሰብክ ለማን እንደምሰብክ ዐውቄ ነበር። ቤት ለቤት ያልዞረ ሰባኪ እኮ የሚናገረው ለወንበሮቹ ነው።

ስለዚህ መልሴ አጭር ነው። የመጨረሻዋን መስመር መጀመሪያ አድርጓት፤ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለውንም ሰርዙት።

ሒሳብ መርማሪዋ

ቄስ፣ የተናገሩት ልቤን ነክቶታል፤ እንደዚያም ሆኖ በአክብሮት እቃወምዎታለሁ።

በሙያዬ ኦዲተር ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ስትጠይቀኝ በነፃ ሒሳብ እመረምራለሁ። አንድ ቦታ፣ የት እንደ ሆነ አልናገርም፣ ልክ እንደ እርስዎ ቤት ለቤት የሚዞሩ፣ ድሀ የሚወዳቸው ቄስ ነበሩ። የእሑዱን መባ የሚቆጥረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ደረሰኝ የለም። የጣሪያ ማሠሪያ ተብሎ የተሰበሰበው ገንዘብ የት ገባ የሚል ጥያቄ ሲነሣ «እንዲህ ያሉትን ሰው ትጠረጥራላችሁ?» የሚል ቁጣ መጣ፤ ጠያቂዎቹም አፈሩና ዝም አሉ። መዝገቡን ከፍቼ ያየሁት እኔ ነኝ። ቄሱ አንድ ሳንቲም አልነኩም። ለቀብር፣ ለተፈናቃይ፣ ለመድኃኒት እየተባለ፣ አንዳንዱ በወረቀት ቁራጭ፣ አንዳንዱ ያለ ምንም ማስረጃ ወጥቶ አልቋል። ነገር ግን ወሬ ማስረጃ አይጠብቅም፤ ቄሱ ስማቸው ጎድፎ ከዚያ ሄዱ። ደንብ ቢኖር ኖሮ ከማንም በፊት የሚጠብቀው እርሳቸውን ነበር።

ሥርዓትና ሒሳብ ከውጭ የመጣ «ዘመናዊነት» ነው የሚሉ ወገኖች ደግሞ የራሳቸውን ታሪክ ቢያነቡ መልካም ነው። በ1523 እ.ኤ.አ. ላይስኒግ የምትባል በጀርመን የሳክሶኒ ከተማ ለምእመናኑ የጋራ የገንዘብ ሣጥን ደንብ አወጣች፤ መቅድሙን የጻፈው የተሐድሶው መሪ ማርቲን ሉተር ራሱ ነው። ሣጥኑን ዐሥር የተመረጡ ሰዎች ያስተዳድራሉ፦ ከመኳንንት 2፣ ከከተማው ምክር ቤት 2፣ ከከተማው ነዋሪ 3፣ ከገጠሩ ገበሬ 3። ሣጥኑ አራት ልዩ ልዩ ቁልፎች አሉት፤ እነዚህን አራቱ ወገኖች አንድ አንድ ይይዛሉ። ገበሬው ካልመጣ መስፍኑ ሣጥኑን አይከፍትም ማለት ነው! እኛ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ቼክ በሁለት ፊርማ ይውጣ ሲባል «መተማመን ጠፋ» እንላለን።

ወንጌላዊ ከምዕራብ

የተከበሩ ቄስና እኅቴ ኦዲተር፣ ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ ቄስ ነው። እኛ ጋ ቄስ የሚመጣው ለጥምቀትና ለጌታ እራት ነው። በየሳምንቱ የሚሰብከው፣ የሚቀብረው፣ ባልና ሚስት የሚያስታርቀው፣ ካቴኪዝም (የእምነትን መሠረታዊ ትምህርት) የሚያስተምረው ወንጌላዊ ነው፤ ወንጌላዊ በሌለበት ደግሞ ደመወዝ የማያውቁ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1951 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ስትቋቋም ትንሽ ነበረች፤ ዛሬ በሚሊዮኖች ትቆጠራለች። ያሳደጋት በእግሩ የሄደ ሰው ነው።

ስለ ትሕትና አንድ ነገር ልናገር። ባለፈው ጊዜ ወደ ከተማ ጠርተውን በሆቴል አዳራሽ ስለ «አገልጋይ መሪነት» ሠለጠንን። ሥልጠናው ክፉ አልነበረም፤ ምሳውም ጥሩ ነበር። በመጨረሻው ቀን አበል ስንፈርም ወረቀቱ ለሁሉም አንድ ነበርና የአሠልጣኙን መስመር አየሁ። የአንድ ቀን አበሉ ከእኔ የወር ደመወዝ ይበልጣል። ከዚያው ከፍ ብሎ በነጭ ሰሌዳው ላይ «መሪ ከሁሉ በታች ነው» የሚል ጽሑፍ አልተደመሰሰም ነበር።

ትሕትናን ከላይ ያለው ለታች ያለው ሲሰብክለት ትእዛዝ ይመስላል። እኔ ከታች ነኝ፤ የት ልውረድ?

ዝምተኛ አንባቢ

ለወንጌላዊው፦ «አገልጋይ መሪነት» የሚለውን አስተሳሰብ በዘመናችን በጽሑፍ ያስፋፋው ሮበርት ግሪንሊፍ ነው፤ ኤ ቲ ኤንድ ቲ በተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ለረጅም ዓመታት የሠራ የአስተዳደር ሰው። መጣጥፉ የወጣው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። እግር ያጠበው ጌታ ወደ እኛ በስልክ ኩባንያ በኩል ዞሮ መምጣቱ ይገርመኛል። የዮሐንስ 13 ሥልጠና ያለ አበልም ይሰጥ ነበር።

የሴሚናሪ ተማሪ

በዚህ ውይይት ውስጥ የመስቀሉ ሥነ መለኮት አለመነሣቱ አስገርሞኛል። ሉተር በ1518 እ.ኤ.አ. በሃይደልበርግ ባቀረበው ክርክር 21ኛው ነጥብ ላይ የክብር ሥነ መለኮት አዋቂ ክፉውን መልካም፣ መልካሙን ክፉ ይለዋል፤ የመስቀሉ ሥነ መለኮት አዋቂ ግን ነገሩን በሆነው መጠን ይጠራዋል ይላል። የዘመኑ የአመራር ትምህርት የክብር ሥነ መለኮት ነው። ቁጥር፣ ዕድገት፣ ተጽዕኖ፣ ስኬት! እግዚአብሔር በቁጥር ሳይሆን በድካም ውስጥ፣ በተሰቀለው ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ የእቅድና የግምገማ አሠራር በጠቅላላው ከሉተራዊ ማንነታችን ጋር የሚጋጭ ይመስለኛል።

ሒሳብ መርማሪዋ

ልጄ፣ «ነገሩን በሆነው መጠን ይጠራዋል» ብለህ የጻፍኸውን መልሰህ አንብበው። እኔ እንጀራ የምበላበት ሥራ ይኸው ነው። ሪፖርቱ «አገልግሎታችን እጅግ ተስፋፍቷል» ሲል እኔ መዝገቡን ገልጬ «በዚህ ዓመት የተጎበኘ የአልጋ ቁራኛ የለም» ብዬ እጽፋለሁ። የትኛው ነው የክብሩ፣ የትኛው ነው የመስቀሉ?

የሴሚናሪ ተማሪ

እኅታችን፣ ይህን መምህሬ ቢያየው ውጤቴን ይቀንስብኛል። ነጥቡን ተቀብያለሁ፤ «በጠቅላላው» የሚለውን አንሥቻለሁ። የቀረው ክርክሬ ግን ይኑር፦ ግምገማ እውነት ሲናገር መልካም ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ግን ገንዘብ ሰጪውን ደስ ለማሰኘት ነው።

የነቀምቴ ልጅ

ስለ ገንዘብ ሰጪ ካነሣችሁ ቄስ ጉዲና ቱምሳን ሳትጠሩ እንዴት ታልፋላችሁ? ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ልጻፍ።

በ1921 ወለጋ ውስጥ ቦጂ ተወለዱ። በነቀምቴ ሆስፒታል በሕክምና ረዳትነት ሠሩ፣ ቅስና ተቀበሉ፣ ሚኒሶታ ሄደው ሉተር ሴሚናሪ ተማሩ፣ ተመልሰው የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ዋና ጸሐፊ ማለት ደብዳቤ፣ በጀት፣ ድርድር፣ ስብሰባ ነው፤ በዛሬው አነጋገር ሙሉ በሙሉ ሥራ አስኪያጅ። በ1964 ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የላከችው ታዋቂ ደብዳቤ በእርሳቸው የጸሐፊነት ዘመን የወጣ ነው። ፍሬ ነገሩ ግልጽ ነው፦ እናንተ ለጋሾች ለልማት ገንዘብ ትሰጣላችሁ፣ ለወንጌል ስብከትና ለአገልጋይ ማሠልጠኛ ግን እጃችሁን ትሰበስባላችሁ፤ ሰውን ለሁለት አትቁረጡት፤ ነፍስም ሥጋም ያለው አንድ ሰው ነው። ገንዘብ የሚቀበል ሰው ለገንዘብ ሰጪው እንዲህ ሲጽፍ ስንቴ አይታችኋል? የሴሚናሪው ወንድማችን የሚፈራው ሪፖርት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው።

ከዚያ ደርግ መጣ። ቄስ ጉዲና ታሰሩ፣ ተፈቱ፣ እንደገና ታሰሩ። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር እንዲወጡ መንገዱን ሊያመቻቹላቸው ፈቃደኛ ነበሩ። በጎቼን በዚህ የፈተና ሰዓት ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ተይዘው ተወሰዱ፤ በዚያችው ሌሊት ተገደሉ። ዐፅማቸው የተገኘው ከደርግ ውድቀት በኋላ በ1984 ነው።

እንግዲህ እኚህ ሰው እረኛ ናቸው ወይስ ሥራ አስኪያጅ? ጥያቄው ራሱ የተቀመጠበት መንገድ አልተዋጠልኝም። ዕቅድ በማውጣት ማንም አይኮራም፣ በመጎብኘትም ማንም ትሑት አይሆንም። ዋጋው ሲመጣ ማን ይከፍላል ነው ነገሩ። ኃላፊው ራሱ ከከፈለ የቢሮ ሥራውም እረኝነት ነው። ወንጌላዊው ከከፈለለት ግን እግር ቢያጥብም ጌታ መምሰሉ አይቀርም፤ ጌታ ያልሁት ባለ ርስቱን ነው።

እኅት ከሚኒያፖሊስ

ከሩቅ ሆኜ ስከታተል ቆይቻለሁ። እኛ የምንሰበሰበው ከአሜሪካውያን ሉተራኖች በተከራየነው ሕንፃ ነው፤ እነርሱ ጠዋት ጨርሰው ሲወጡ እኛ ከሰዓት እንገባለን። ቡናቸው ሳይቀዘቅዝ የእኛ ይፈላል።

ቄሳችን ሌሊት መጋዘን ውስጥ ይሠራሉ። ስለዚህ እዚህ «እረኛ ወይስ ሥራ አስኪያጅ» የሚል ክርክር አልነበረንም፤ ለሥራ አስኪያጅነት ጊዜ የላቸውም። ኪራዩን፣ ኢንሹራንሱን፣ ግብሩን አንድ ባንክ የሚሠራ ወጣት ይዞታል። የሕሙማን ጉብኝት ተራ እናቶች አወጡ፤ በስልክ ቡድን ላይ ማን መቼ ማንን እንደሚጎበኝ ይጻፋል። ቄሱ ይሰብካሉ፣ ያጠምቃሉ፣ የጌታን እራት ይሰጣሉ፣ ሆስፒታል ይገባሉ። ቄስ ከላይ የጠቀሱት አንቀጽ 5 ሳናስበው በእኛ ተፈጽሟል ለማለት ደፍሬ ነበር።

ነገር ግን አለ። ሰዎች በምስክርነት ሰዓት «ቄሳችን እንዴት ትሑት ናቸው፣ ደመወዝ እንኳን አይጠይቁም» እያሉ ያመሰግናሉ። ባለፈው ፋሲካ የሌሊት ሥራቸውን ጨርሰው በቀጥታ መጡና በመዝሙር መካከል ተቀምጠው አንቀላፉ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የእርሳቸውን ትሕትና እያመሰገንን የራሳችንን ኪስ ጠብቀናል። ወንጌላዊው ወንድሜ «የት ልውረድ» ያልኸው እዚህም ድረስ ይሰማል።

ጎልማሳ መዘምር

እናንተ ስለ ሥራ አስኪያጅ ትጨነቃላችሁ፣ በእኛ ከተማ ያለው ጭንቀት ሌላ ነው። ወጣቶቻችን በየሳምንቱ «ሐዋርያ»፣ «ነቢይ»፣ «አባት» የሚል ማዕረግ የተሸከሙ ሰዎች ጋ ይሄዳሉ። ፎቶግራፉ በየአውራ ጎዳናው ነው፤ ጠባቂ አለው፣ ሽቶ የተቀባ ፎጣ የሚይዝለት አለ። ከእኛው ውስጥም መምሰል የጀመሩ አሉ። ያን ሳይ «ዘመናዊ አመራር» የምትሉት ቢያንስ ደንብና የሥራ ዘመን ስላለው ይሻለኛል። ነቢዩን ማን ኦዲት ያደርገዋል?

የነቀምቴ ልጅ

ጎልማሳ መዘምር፣ ልክ ነህ። ክቡር አቶ አማኑኤል አብርሃም ከ1955 እስከ 1977 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሆነው ይህችን ቤተ ክርስቲያን ሲመሩ ቅስና እንኳን አልነበራቸውም። አምባሳደርና ሚኒስትር የነበሩ ምእመን ናቸው። ከቄስ ጉዲና ጋር ጎን ለጎን ሠሩ፤ አንዱ ምእመን፣ አንዱ ቄስ። ምእመናን ሁሉ ካህናት ናቸው የሚለው የሉተር ትምህርት በጽሕፈት ቤት ደረጃ ሲፈጸም ይህን ይመስላል። አሁን አስተዳደሩንም መንበሩንም ለቄስ ብቻ መተው የጀመርንበት ምክንያት አይገባኝም።

ጡረተኛ ቄስ

ሒሳብ መርማሪዋ እኅቴ፣ ተቃውሞሽን ተቀብያለሁ፤ እንዲያውም ላግዝሽ። በ1528 እ.ኤ.አ. ሳክሶኒ ውስጥ መርማሪዎች በየሰበካው እየዞሩ ቄሱ ምን ያስተምራል፣ ምእመኑ ምን ያውቃል፣ ገቢው ከየት ነው ብለው ጠይቀዋል። መመሪያውን ያዘጋጀው የሉተር የሥራ ባልደረባ ፊሊፕ ሜላንክቶን ነው። ሉተርም ዞሮ ባየው ነገር ደንግጦ በ1529 ትንሹን ካቴኪዝም አወጣ፤ በመቅድሙ ላይ ብዙ ቄሶች ለማስተማር ብቃት እንደሌላቸው በግልጽ ጽፏል። ልጆቻችን በቃላቸው የሚያጠኑት መጽሐፍ የተወለደው ከግምገማ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ገምጋሚ የበዛለትና ንስሐ ተቀባይ ያጣ ቄስ ነው። ሉተር ዶክተር ነበር፣ መላው አውሮፓ የሚያውቀው ሰው ነበር፤ ሆኖም የዊተንበርግ ከተማ ቄስ ዮሐንስ ቡገንሃገን ፊት ኃጢአቱን ይናዘዝ ነበር። በ1546 ሲሞት ራሱ ጽፎት በተገኘው ወረቀት ላይ የመጨረሻዎቹ ቃላት «ለማኞች ነን፤ ይህ እውነት ነው» የሚሉ ናቸው። የእኛ ቄስ ለማን ይናዘዛል? ለሰበካው ሊቀ መንበር እንዳይናዘዝ ደረጃ ዕድገቱን የሚወስነው እርሱ ነው። ለጓደኛው እንዳይናዘዝ ጓደኛው ለዚያው ቦታ ይወዳደራል። በአገልግሎት ዘመኔ ወድቀው ያየኋቸው አገልጋዮች ብዙዎቹ የሥልጠና ማነስ አልነበረባቸውም። ብቻቸውን ነበሩ።

የቄስ ሚስት

ይህን ሁሉ ወንዶች ሲጽፉት አነበብሁ፤ ኦዲተሯና የሚኒያፖሊሷ እኅቶቼ ካልተቆጡኝ። በማስታወቂያው ላይ ያልተጻፈ አንድ ሠራተኛ አለ፤ እርሱም እኔ ነኝ። ቄሱ ሲቀጠር ሚስቱ አብራ ትቀጠራለች፣ ያለ ደብዳቤ። እንግዳ የምቀበለው፣ በእኩለ ሌሊት በር የምከፍተው፣ ስለ ባሏ ልታለቅስ የመጣችውን ሴት ቁጭ ብዬ የምሰማው እኔ ነኝ። ይህን በደስታ አደርገዋለሁ። «የቄስ ሚስት ትሑት መሆን አለባት» ሲሉኝ ግን ደሜ ይፈላል።

ስለ ቄስ ጉዲና ስትጽፉ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳን በአንድ መስመር እንኳን አልጠቀሳችሁም። እርሳቸው ዐሥር ዓመት ያህል ታስረው ተሠቃይተዋል። ዋጋውን ማን ይከፍላል ያልኸው ወንድሜ የነቀምቴ ልጅ፣ ዝርዝሩን ሙሉ አድርገው።

የነቀምቴ ልጅ

እኅቴ፣ ትክክል ነሽ። የእርሳቸው ታሪክ ለብቻው የውይይት ክር የሚገባው ነው፤ እከፍተዋለሁ።

የሽማግሌዎች ጸሐፊ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ውይይቱን አትሜ ለሽማግሌዎቹ አከፋፈልሁ፤ የሆቴሉን የአበል ወረቀት ሲያነቡ ዝም ያሉ ሰዎች ነበሩ። ትናንት ያጸደቅነው ረቂቅ ይህ ነው፦

«ማኅበረ ምዕመናናችን ወንጌልን የሚሰብክ፣ የሚያጠምቅ፣ የጌታን እራት የሚያድል፣ ካቴኪዝም የሚያስተምር ቄስ ትፈልጋለች። በየሳምንቱ ሁለት ሙሉ ቀን በሽተኞችን፣ አረጋውያንንና እስረኞችን ይጎበኛል፤ በእነዚህ ቀናት ስብሰባ አይጠራም። የሒሳብ፣ የንብረትና የዕቅድ ሥራ የሚመራው በምእመናን በሚመረጥ ኮሚቴ ነው፤ ቄሱ በኮሚቴው አባል ነው፣ የባንክ ፊርማ ግን የለውም። በየወሩ አንድ ቀን ከማኅበረ ምዕመናናችን ውጭ ካለ በዕድሜ ከሚበልጠው አገልጋይ ጋር ለጸሎትና ለንስሐ ይገናኛል፤ የትራንስፖርት ወጪውን እኛ እንችላለን። ከባለቤቱ ምንም ዓይነት የአገልግሎት ግዴታ አይጠበቅም።»

«ባለ ራእይ» የሚለው ወጥቷል። የሰው ኃይል ባለሙያው ወንድማችን ትንሽ ቅር ብሎታል፤ «ኮምፒውተር የሚችል» የሚለውን ግን አስቀርተንለታል። የባንክ ፊርማው ጉዳይ ከሁሉ በላይ ያከራከረን ነበር። አንዳንዶች ቄሱን ማዋረድ ነው አሉ፤ የሒሳብ መርማሪዋ የጣሪያ ታሪክ ነው ያሳለፈው።

ወንጌላዊ ከምዕራብ

መልካም ነው፤ እግዚአብሔር ይባርካችሁ። ደመወዙ ግን አልተጻፈም። እናንተ ለምትረዱት የገጠር የስብከት ጣቢያ ወንጌላዊስ የምትልኩት ስንት ነው?

የሽማግሌዎች ጸሐፊ (ጠያቂ)

የቄሱ ደመወዝ በሲኖዶሱ (በአካባቢው የቤተ ክርስቲያናችን አስተዳደር) እርከን መሠረት ነው፤ እንጽፈዋለን። ለጣቢያው ወንጌላዊ የምንልከው ለዓመታት ሳይጨመር የቆየ ነው፤ መጠኑን እዚህ ለመጻፍ አፍሬያለሁ። በመጪው ስብሰባ አጀንዳ ላይ የመጀመሪያው ሆኖ ተይዟል።

ሒሳብ መርማሪዋ

የመጀመሪያ አጀንዳ ማለት ከጸሎቱ ቀጥሎ ማለት ይሁን፤ ሰዎች ለመኪና መሄድ ከጀመሩ በኋላ እንዳይሆን። የበጀት ቅጽ ከፈለጋችሁ ያዘጋጀሁት አለኝ፣ በመልእክት ሣጥንህ ልኬልሃለሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለውን የአበል ሰንጠረዥ ለሁሉም አንድ አድርጉት።